መሣሪያ መልሶ መግዛት ስለሚባለው ጉዳይ፦ በባለመሣሪያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የፖሊስ ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና መጣችሁ። በየዓመቱ ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ዒላማ ውድድራችን፣ ስለ ሥልጠናችንና ስለ ሒሳባችን በዝርዝር መናገር የተለመደ ነው። ዘንድሮ ግን ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ፣ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ፈቃድ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ አውለዋለሁ። ጉዳዩ ፖሊስ ከግለሰቦች እጅ ገንዘብ እየከፈለ መሣሪያ የሚሰበስብበት፣ በተለምዶ “መሣሪያ መልሶ መግዛት” የሚባለው አሠራር ነው። ባለፉት ወራት በስልክም፣ በደብዳቤም፣ በተኩስ ሜዳው ሻይ ቤትም ከእናንተ የሰማሁትን ያህል የተራራቀ አስተያየት በሌላ በየትኛውም ጉዳይ ላይ ሰምቼ አላውቅም። አንድ አባላችን ነገሩን ገና ሳነሳባቸው ስልኩን ዘጉብኝ፤ ሌላው ደግሞ አባታቸው ትተውላቸው ያለፉትን ሁለት ጠመንጃዎች የሚረከብ ቢገኝ ዛሬውኑ ተሸክመው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ሁለቱም የማኅበራችን ነባር አባላት ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከቃሉ ልጀምር። “መልሶ” የሚለው ቃል ብዙዎቻችሁን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። መልሶ የሚገዛ ቀድሞ የሸጠ ነው፤ ፖሊስ ደግሞ ለማናችንም ጠመንጃ ሸጦ አያውቅም። ይህ ከመደጋገሙ የተነሣ ማሳቁን ያቆመ ቀልድ ቢሆንም ከሥሩ ቁም ነገር አለው። ስያሜው መሣሪያው ድሮውንም የመንግሥት እንደነበረና እኛ ዘንድ በአደራ እንደተቀመጠ ያስመስላል፤ በሕግ ፈቃድ አውጥቶ፣ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ፈቃዱን በየጊዜው እያሳደሰ ለኖረ ሰው ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ “ግዢ” ወይም “ርክክብ” ስል ብትሰሙኝ ሆን ብዬ ነው።

ከቃሉ ይልቅ ግን እርስ በርሳችን እንዳንግባባ ያደረገን ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። አንደኛው በፈቃደኝነት የሚደረገው ነው። የአንድ ከተማ ፖሊስ አንድ ቅዳሜ በመኪና ማቆሚያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የማይፈልገውን መሣሪያ ይዞ ለመጣ ሰው ጥሬ ገንዘብ ወይም የስጦታ ካርድ ይሰጣል፤ ያልፈለገ ቤቱ ይቀመጣል። በአሜሪካ ከተሞች የተለመደው ይህ ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ አንዷ የሆነችው ባልቲሞር በ1974 ለአንድ መሣሪያ 50 ዶላር እየከፈለች 13,500 ያህል ሰብስባለች። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጥራቴን ልብ በሉልኝ።) ሁለተኛው ሕጉ ራሱ ከተለወጠ በኋላ በግዴታ የሚመጣው ነው። አውስትራሊያ በሚያዝያ 1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከ640,000 በላይ ጠመንጃዎችን የሰበሰበችው፣ ብሪታንያ በዚያው ዓመት በደንብሌን ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትና መምህርታቸው ከተገደሉ በኋላ ወደ 162,000 የሚጠጉ ሽጉጦችን ከባለቤቶቻቸው የተረከበችው፣ ኒውዚላንድም በ2019 ከክራይስትቸርች መስጊዶች ጥቃት በኋላ ከ56,000 በላይ መሣሪያዎችን ያነሣችው በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ገዢም ሻጭም የለም፤ ሕጉ ንብረቱን ከከለከለ በኋላ የሚከፈል ካሳ ነው። ስለ አንደኛው የሚነሣውን ቁጣ በሁለተኛው ላይ፣ ስለ ሁለተኛው የሚነሣውን ፍርሃት በአንደኛው ላይ እያፈሰስን ስንከራከር ቆይተናል።

በፈቃደኝነት በሚደረገው ላይ ከእናንተ ደጋግሜ የሰማሁት ትችት “ወንጀለኛ ተሰልፎ መሣሪያውን አያስረክብም” የሚል ነው። ይህን የሚሉት ባለመሣሪያዎች ብቻ አይደሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2004 ባወጣው ሰፊ ግምገማ የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ ክፉኛ የተሳሳተ መሆኑን ጽፏል። ለግዢ የሚቀርቡት ለወንጀል የመዋል ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ የሆኑ መሣሪያዎች መሆናቸውን፣ የሸጠውም ሰው ሌላ በቀላሉ መተካት መቻሉን፣ ከዚያም ሁሉ በላይ አንድ የተወሰነ መሣሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ለወንጀል የመዋል ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ መሆኑን በምክንያትነት አቅርቧል። በሚልዋኪ ከተማ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሰበሰቡትን ሽጉጦች ግድያ ከተፈጸመባቸው ሽጉጦች ጎን አስቀምጠው የመረመሩ ተመራማሪዎችም ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ የመጡት በብዛት ያረጁና አነስተኛ ካሊበር (የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት) ያላቸው ስድስት ጎራሾች ሲሆኑ፣ ከግድያ ቦታ የተነሡት ግን በብዛት ካሊበራቸው ተለቅ ያለ ከፊል አውቶማቲኮች ናቸው። ከ1991 እስከ 2015 በአሜሪካ ከተሞች የተካሄዱትን ግዢዎች የመረመረና በ2021 ይፋ የሆነ ጥናትም በመሣሪያ የሚፈጸም ወንጀልን ስለመቀነሳቸው ማስረጃ አላገኘም። ወንጀልን ለመቀነስ ታስቦ ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በዓለም ላይ በሲቪል ሰዎች እጅ የሚገኘው መሣሪያ በ2018 በወጣ ግምት 857 ሚሊዮን መድረሱን ስናስብ፣ በአንድ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ጥቂት መቶ መሣሪያ የትኛውን ሚዛን ሊያነቃንቅ ይችላል?

ይህን ሁሉ እኔም ስናገር ኖሬያለሁ፤ ስናገርም ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር። ከመካከላችን በሞት የተለዩን የአንድ አንጋፋ አባላችን ባለቤት ባይደውሉልኝ ኖሮ ዛሬም ይህንኑ ብቻ ተናግሬ በወረድኩ ነበር።

ቤታቸው ስደርስ ጠመንጃው አልጋ ሥር በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በቆየ የኤሌክትሪክ ገመድ ታስሮ ነበር። ጥይቱ ለብቻው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮውን ብድግ ሳደርገው ክብደቱ አስደነገጠኝ። እሳቸው ነገሩን ለመንካት ፈርተው፣ ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ያን አልጋ አንጥፈውት አያውቁም። አንሶላውን ፈትቼ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አዙሬ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስስበው፣ ነሐሱ የጠቆረ አንድ ጥይት ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ያ ጥይት እዚያ ስንት ዘመን እንደተቀመጠ የሚያውቁት ሟቹ ብቻ ናቸው። የልጅ ልጃቸው በየሳምንቱ መጨረሻ የሚያድረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ፖሊስ ጣቢያ ደውለው “ይዘውት ይምጡ” ተብለዋል፤ ፈቃዱ በሟቹ ስም በመሆኑ ግን ይዘውት ቢወጡ ሕግ ተላላፊ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ስለ ዋጋው ላነሣላቸው ስል “ገንዘቡን ተወው ልጄ፣ ብቻ ከቤቴ ይውጣልኝ” አሉኝ።

ለእኚህ እናት የ2004ቱም ሆነ የ2021ዱ ጥናት ምንም አይነግራቸውም። እሳቸው የሚፈልጉት ወንጀልን መቀነስ ሳይሆን የማይፈልጉትን አደገኛ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ፣ ሳይሸማቀቁ የሚያስረክቡበት በር ነው። ደግሞም ስለ ሞት ስንናገር ሌባና ነፍሰ ገዳይን ብቻ ማሰብ የለመደብን እኛ፣ በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው በገዛ እጁ የሚሞት መሆኑን ቸል እንላለን። በዚህ በኩል አሮጌ ስድስት ጎራሽ ከአዲሱ ያነሰ አይገድልም፤ ባለቤቱም ወንጀለኛ ሳይሆን እኛን የመሰለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ግዢዎች ይህን ሞት ለመቀነሳቸው የተረጋገጠ ነገር አለ እያልኩ አይደለም፤ “ለወንጀል የማይውል መሣሪያ ቢሰበሰብ ምን ዋጋ አለው” የሚለው ክርክራችን ግን ከአሁን በኋላ ከአፌ አይወጣም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችሁ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቆይቼ ባሰለቻችሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም ከፖሊስ ጋር ልንነጋገርበት የሚገባን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋ። በታኅሣሥ 2012 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በሐርትፎርድ ከተማ፣ አንዲት ሴት አባቷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያመጡትን ጠመንጃ ለማስረከብ ወደ ፖሊስ ትመጣለች። እንደ አጋጣሚ መሣሪያ የሚያውቁ ሁለት ፖሊሶች አይተው ለዩት፤ ስቱርምገቬር 44 የተባለው የጀርመን ጠመንጃ ነበር፣ ግምቱም ከ30,000 ዶላር ያላነሰ። ፖሊሶቹ ለሴትየዋ ሳይደብቁ ነገሯት። እነዚያን ፖሊሶች ከዚህ መድረክ ላይ ባመሰግን ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ለሁሉም እንዲህ ያለ ሰው አይገጥመውም፤ ለአንድ ጠመንጃ አንድ የስጦታ ካርድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ስንት የታሪክ ቅርስ ወደ ማቅለጫ እንደሄደ የሚነግረን የለም። ሰብሳቢ አባሎቻችን ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጠው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው “ምንም ጥያቄ አንጠይቅም” የሚለው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ያስፈለገበት ምክንያት ይገባኛል፤ ስሙን የሚጠየቅ ሰው አይመጣም። ነገር ግን መሣሪያ ተሰርቆባችሁ የምታውቁ አባላት እጃችሁን አውጡ ብል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እጅ ይነሣል፤ የተሰረቀው መሣሪያችሁ መለያ ቁጥሩ ሳይጣራ ቢቀልጥ ወይም የአንድ ግድያ ማስረጃ አብሮ ቢቀልጥ የሚጠየቀው ማን ነው? ሰውየውን አለመጠየቅና መሣሪያውን አለመመርመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያውን እየጠበቁ ሁለተኛውን ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው ይበልጥ ያስገርማችኋል። ብዙዎቻችሁ “መሣሪያዬ ከቀለጠ ሐዘኔ ነው” ስትሉ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ “መቅለጡን በምን አውቃለሁ?” ትላላችሁ፤ የኋለኞቹ ጥርጣሬ መሠረት አለው። በአሜሪካ ሕግ እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው መለያ ቁጥሩ የተቀረጸበት ዋናው አካል ብቻ ስለሆነ፣ ለማስወገድ ከፖሊስ የሚረከቡ አንዳንድ ድርጅቶች ያንን አንዱን ክፍል አጥፍተው አፈሙዙን፣ ሰደፉን፣ የጥይት ካዝናውንና ሌላውን ሁሉ እንደ መለዋወጫ እንደሚሸጡ በ2023 በጋዜጣ ምርመራ ይፋ ሆኗል። በአሪዞና ደግሞ በ2013 የወጣ ሕግ ከተሞች የሰበሰቡትን መሣሪያ እንዳያጠፉ ከልክሎ መልሰው እንዲሸጡት አዟል፤ የቱሳን ከተማ ሙግት ገጥማ በ2017 በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታለች። “ይጠፋል” ተብሎ በእምነት ያስረከበ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለተኛ አይመጣም። በዚህ ረገድ አርጀንቲና በ2007 የጀመረችው አሠራር ይማርከኛል፦ ስም አይጠየቅም፣ መሣሪያው ግን ርክክቡ በተፈጸመበት ቦታ፣ አስረካቢው ዓይኑ እያየ፣ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ብረቱ ሲጣመም ያየ ሰው ወሬ ፍለጋ አይዞርም።

አራተኛው መረጃችን ነው። በኒውዚላንድ በታኅሣሥ 2019 ባለመሣሪያዎች መሣሪያቸውን ያስመዘገቡበት የኮምፒውተር ሥርዓት ለማይገባቸው ሰዎች ተከፍቶ፣ የባለቤቶች ዝርዝር ለመሣሪያ ነጋዴ ዓይን ተጋልጧል። የጠመንጃ ባለቤቶች ስምና አድራሻ ከሌባ እጅ ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ነገር ግን ጣታችንን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ብቻ እንዳንቀስር። በ2022 ክረምት በሂዩስተን በተካሄደ ግዢ አንድ ሰው በስሪዲ ፕሪንተር ያተማቸውን በደርዘን የሚቆጠሩ የፕላስቲክ ሽጉጦች አቅርቦ ለእያንዳንዳቸው 50 ዶላር ተቀብሏል፤ በዚያው ሰሞን በኒው ዮርክ ግዛት ሌላው በተመሳሳይ ዘዴ 21,000 ዶላር የሚያወጣ የስጦታ ካርድ ይዞ መሄዱን ተናግሯል። የሁለቱም ቦታዎች ባለሥልጣናት ወዲያው ደንባቸውን ለውጠዋል። እነዚህ ታሪኮች በተኩስ ሜዳችን ሲወሩ የነበረውን ሳቅ አስታውሳለሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን የዚያች እናት አልጋ ትዝ አለኝ። እኛ በፕላስቲክ ቧንቧ ባስጨረስነው ገንዘብ ምክንያት በሩ ቢዘጋ የሚቸገሩት እሳቸውን የመሰሉ ናቸው እንጂ ያሾፍንባቸው ሹማምንት አይደሉም።

ስለ ግዴታው ባጭሩ ልናገርና ላብቃ። አብዛኞቻችሁ በዚህ ላይ ያላችሁ አቋም “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” በሚለው ይጠቃለላል፤ እኔም ከዚህ ስሜት ነፃ አይደለሁም። ቢሆንም ማስረጃውን በሐቅ እንመልከተው። ደጋፊዎቹ በአውስትራሊያ ከ1996 በኋላ ፖርት አርተርን የመሰለ እልቂት ለረጅም ዘመን አለመደገሙን ይጠቅሳሉ፤ ተቃዋሚዎቹ በመሣሪያ የሚደርሰው ሞት ከዚያ በፊትም እየቀነሰ መምጣቱን ያነሣሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት፣ ያኔ ከግዢው ጋር አብረው የመጡትን ማለትም አንድ ወጥ ፈቃድን፣ ምዝገባን፣ ለባለቤትነት በቂ ምክንያት ማቅረብንና የ28 ቀን መጠበቂያን ነው፤ ከእነዚህ መካከል የግዢውን ድርሻ ለብቻው ነጥሎ ማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ከአውስትራሊያ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ በሰኔ 1996 በቪክቶሪያ ግዛት፣ በሴል ከተማ ለተሰበሰቡ ባለመሣሪያዎች ሲናገሩ ከኮታቸው ሥር ጥይት መከላከያ ለብሰው ነበር፤ ቅርጹም በግልጽ ይታይ ነበር። የጥበቃ ሰዎቻቸው መክረዋቸው ነው፤ እሳቸውም በኋላ መልበሳቸውን ተጸጽተውበታል። በዚያ ሜዳ የነበሩት ገበሬዎችና አዳኞች የሰሙት ስለ ካሳ የተነገረውን ሳይሆን ያዩትን መከላከያ ነው። ለአንድ ሰው “ንብረትህን አምነህ ስጠኝ” እያሉ እንደ ነፍሰ ገዳይ መፍራት አብሮ አይሄድም። በተቃራኒው በብራዚል በ2004 እና በ2005 በፈቃደኝነት በተካሄደው ዘመቻ ከ400,000 በላይ መሣሪያ ተሰብስቧል፤ ያው ሕዝብ በጥቅምት 2005 የመሣሪያ ሽያጭ ይከልከል ወይስ አይከልከል ተብሎ በሕዝበ ውሳኔ ሲጠየቅ 64 በመቶው “አይከልከል” ብሏል። ይህን እንደ ተቃርኖ የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን የብዙዎቻችሁን ልብ በትክክል የሚገልጽ ይመስለኛል። በገዛ እጃችን ለመስጠት ችግር የለብንም፤ ስንታዘዝ ግን እንቢ እንላለን።

ግዴታ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ቢያንስ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ኒውዚላንድ በየሞዴሉ መነሻ ዋጋ አውጥታ እንደ መሣሪያው ይዞታ 95፣ 70 ወይም 25 በመቶ ከፍላለች፤ ለመለዋወጫም ከፍላለች። ብዙዎች በግምቱ ተከራክረዋል፣ ግን የሚከራከሩበት የታተመ ሰሌዳ ነበራቸው። በካናዳ ግን ከግንቦት 2020 ጀምሮ የታገዱ ሞዴሎች ባለቤቶች መሣሪያቸውን መተኮስም መሸጥም ሳይችሉ፣ የምሕረት ጊዜው በተደጋጋሚ እየተራዘመ ለዓመታት ካዝና ውስጥ ቆልፈው ተቀምጠዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ለእናንተ ልተወው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለውይይት የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ ሁሉ የመነጨ ነው። ማኅበሩ በፈቃደኝነት የሚደረግን ርክክብ ከእንግዲህ በጅምላ እንዳይቃወም፣ በምትኩ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ መሣሪያ የሚለይ አንድ አባላችን ያለ ክፍያ ተቀምጦ ዋጋ ያለውን ዕቃ ለባለቤቱ እንዲናገርና የጎረሰ መሣሪያ እንዲያራግፍ፣ ፖሊስም በበኩሉ መለያ ቁጥሮችን ከተሰረቁት መዝገብ ጋር አመሳክሮ ለባለቤቱ እንዲመልስ፣ ማስወገዱን አስረካቢው በፈለገ ጊዜ ዓይኑ እያየ እንዲፈጽም፣ ከሟች ቤተሰብ የሚወሰደውንም መሣሪያ ወራሾቹ ተሸክመው እንዲመጡ ከማዘዝ ይልቅ ራሱ ቤታቸው ሄዶ እንዲረከብ እንጠይቃለን። በግዴታ ስለሚደረገው ማኅበሩ የያዘው የተቃውሞ አቋም እንዳለ ይቆያል፤ ሊቀየር የሚገባው የሚመስላችሁ ካላችሁ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተናገሩ።

ስልክ የዘጉብኝ አባላችን የውሳኔ ሐሳቡን በመቃወም የመጀመሪያው ተናጋሪ እንዲሆኑ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል። እሳቸው ከሚናገሩበት በፊት ግን የፖሊስ ተወካዮች ለአንድ ጥያቄ መልስ እንዲሰጡን እለምናለሁ፦ ያች እናት ነገ ጠዋት ቢደውሉላችሁ፣ ስልኩን ያነሣው ሰው ምን ይላቸዋል? ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እየገለጽኩ፣ መድረኩን ለእነሱ እለቅቃለሁ።